ባክስዊንጌ ተበላሽቷል፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለኝ፤ ድረሱልኝ!

ለገጣፎ፦ ወገን እርዱኝ። ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ጎልፍ እጫወታለሁ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። ሰሞኑን የምመታው ኳስ ሁሉ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ይሄድብኛል። በስልክ ተቀርጬ አየሁት። በባክስዊንጌ፣ ማለትም ዱላውን ወደ ኋላ ስወስድ፣ ቀኝ ክንዴ እጥፍ ይላል፣ ዱላውም ሽቅብ ወደ ሰማይ ይወጣል። የምለማመደው እቤት ነው፣ ጓሮ ውስጥ ጀርባዬን ለቆርቆሮ አጥሩ ሰጥቼ መረብ ላይ እመታለሁ። በሁለት ቀን ለውጥ የሚያመጣ ልምምድ የሚያውቅ ይንገረኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጋሽ ታዛቢ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ወደ ግራ የሚጠማዘዝ ኳስ ሁክ ይባላል። ኳሱን በምትመታበት ቅጽበት የዱላው ፊት ወደ ግራ ዞሮ ሲዘጋ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ግራ እጅህን መያዣው ላይ ትንሽ ወደ ግራ አዙረው። ወደ ኋላ ስትወስድ ትከሻህ 90 ዲግሪ ይዙር፣ ዳሌህ የዚያን ግማሽ። የዛሬ ልጆች በክንድ ብቻ ነው የምታነሡት፣ ወገባችሁ የት ሄደ?

ሚሚ ሱሉልታ፦ ፎጣ! ትንሽ ፎጣ ደረትህ ላይ አጋድመህ ጫፍና ጫፉን በሁለቱ ብብትህ ያዝ። ከዚያ እስከ ወገብህ ብቻ ወደ ኋላ እየወሰድክ ቀስ ብለህ ምታ። ፎጣው ከወደቀ ክንድህ ከደረትህ ተለይቷል ማለት ነው። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

ናቲ፦ ቆይ ግን፣ ቀኝ ክንድ ቢታጠፍ ምን ችግር አለው? መታጠፍ ያለበት እኮ እሱ ነው፣ ቀጥ የሚለው ግራው ነው። ሽቅብ ወጣ ብለህም አትደንግጥ። አሜሪካዊው ጎልፈኛ ጂም ፉሪክ ዱላውን ሽቅብ አውጥቶ ጠምዝዞ ነው የሚያወርደው። በዚያው አመታት እንደ ፈረንጆቹ በ2003 የአሜሪካን ኦፕን አሸንፏል፣ በ2016 ደግሞ አንድ ዙር በ58 ምት ጨርሷል። ባክስዊንግህን ተወው።

አቤል፦ ፎጣ ሞክር፣ ብብትህ ሥር።

ሚሚ ሱሉልታ፦ አቤልዬ ከላይ ጽፌዋለሁ እኮ!

የቡራዩ ልጅ፦ ሩር ስትለጋ ያደግክ ትመስላለህ ሃሃ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ቅዳሜ አለቃህ ቢያሸንፍህም እንዳትቆጣ። የምሬን ግን፣ ግራኝ ነህ እንዴ?

ለገጣፎ፦ አዎ ግራኝ ነኝ። አልጻፍኩም እንዴ?

የቡራዩ ልጅ፦ አልጻፍክም! እንግዲያው ነገሩ ተገለበጠ። ለግራኝ ወደ ግራ የሚጠማዘዘው ስላይስ ነው፣ ሁክ አይደለም። ጋሽ ታዛቢ ስለ አያያዝ ያሉት በቀኝ ለሚመታ ሰው ሁክ ነው፣ ላንተ አይሆንም። ናቲ ቀጥ ይበል ያለው ክንድም ላንተ ቀኙ ነው። ጥፋተኛው አጥሩ ይመስለኛል። ዱላው ቆርቆሮውን እንዳይመታ ስለምትፈራ ሰውነትህ አይዞርም፣ ክንድህ ብቻውን ወደ ላይ ይሸሻል። ሲወርድ ኳሱን ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጠዋል። ዛሬውኑ ከአጥሩ ራቅ። ከዚያ ያለ ዱላ ለቤቱ ግድግዳ ጀርባህን ሰጥተህ ጎንበስ በል፣ መቀመጫህ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ይራቅ። እጅህን ደረትህ ላይ አጣምረህ ቀስ ብለህ ዙር። ግራ ዳሌህ ግድግዳውን ሲነካ፣ ጀርባህም ወደ ኢላማው ሲዞር ደርሰሃል። ጧት ሃያ፣ ማታ ሃያ። ፎጣውን ከዚያ በኋላ በሰባት ቁጥር አይረን (ራሱ ብረት በሆነው ዱላ) ሞክረው።

ጋሽ ታዛቢ፦ ሳልጠይቅ መናገሬ ጥፋት ነው። ትከሻው ግን ይዙር ብያለሁ።

ሚሚ ሱሉልታ፦ ለገጣፎ፣ ዛሬ ሰኞ ነው። ኳሱ ቀና?

ዮዲት፦ እኔ በቀኝ ነው የምመታው። ግድግዳውን የሚነካው ቀኝ ዳሌ ነው አይደል?

የቡራዩ ልጅ፦ አዎ፣ ቀኙ።