እምነትን ማደስ ከየት ይጀምራል?

ጥያቄ፦
የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ለረጅም ዓመታት በእምነት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ጸሎቴ ከከንፈር አያልፍም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብም ዓይኔ በመስመሩ ላይ እየሄደ ልቤ ሌላ ቦታ ይውላል። አንዳንዶች «በክርስቶስ ማን እንደሆንህ እወቅ»፣ አንዳንዶች «አንደበትህን ጠብቅ»፣ ሌሎች ደግሞ «የጸሎት ሰዓት ይኑርህ» ብለው ይመክሩኛል። የትኛው ይቅደም?

የመጀመሪያ መልስ፦
ወንድሜ፣ ማንነት ይቅደም እላለሁ። የኤፌሶን መልእክት 6 ምዕራፎች አሉት፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ምዕራፎች ሐዋርያው ጳውሎስ በአብዛኛው የሚናገረው አማኞቹ በክርስቶስ ምን እንደተደረገላቸው ሲሆን፣ ለተጠሩበት ጥሪ እንደሚገባ እንዲመላለሱ የሚለምናቸው 4ኛውን ምዕራፍ ሲጀምር ነው። ሰው ልጅ ለመባል አይጸልይም፤ ልጅ ስለሆነ ይጸልያል። ይህ ሲገለበጥ ጸሎት ዕዳ ይሆናል፤ ያልጸለይህበት ቀን ሁሉ ከአባትህ ፊት ያባረረህ ይመስልሃል፤ ያን ጊዜ ልብ መዛሉ አይቀርም። ጴጥሮስ ጌታውን 3 ጊዜ ከካደ በኋላ ከትንሣኤው ወዲያ በጥብርያዶስ ባሕር አጠገብ የተጠየቀው ስለ ፍቅሩ ነበር፤ በዚያው ንግግር በጎቹን የመጠበቅ አደራም ተሰጠው።

ሁለተኛ መልስ፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንደበት የልብን ሁኔታ ከመግለጥ አልፎ ልብን ይመራል። ያዕቆብ በመልእክቱ 3ኛ ምዕራፍ አንደበትን ከፈረስ ልጓምና ከመርከብ መሪ ጋር ያነጻጸረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስል በአፍ ያወጅነው ሁሉ ይፈጸማል ማለቴ አይደለም፤ ይህ ትምህርት ብዙዎችን እንደጎዳ አምናለሁና። «እኔ ለምንም አልረባም» የሚል ቃል ወደ አፍህ ሲመጣ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዝያለሁ፤ አበርታኝ» ብለህ ወደ እርሱ መልሰው። ምሬቱ እውነት ነው፤ አሁን ግን ለሚሰማው ተነገረ። ስለ ሌላ ሰው ክፉ ልትናገር ስትል ደግሞ ዝም ማለት ይበቃል።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። ልቤ ሳይከተል በአፌ ብቻ ብጸልይ ግብዝነት አይሆንም?

ሦስተኛ መልስ፦
አይሆንም። ግብዝ የሚጸልየው ሰው እንዲያየው ነው፤ አንተ ግን በሩን ዘግተህ የምትጸልየው እግዚአብሔርን ፈልገህ ነው። መዝሙር 103ን አውጥተህ ተመልከት፤ ዘማሪው «ነፍሴ ሆይ» እያለ የገዛ ነፍሱን እንድትባርክ ያዝዛታል፤ ቸርነቱንም እንዳትረሳ ያሳስባታል። ስለ ልማድም ዳንኤልን አስብ፤ በምዕራፍ 6 ጸሎት የሚከለክለው ትእዛዝ እንደተጻፈ ባወቀ ጊዜ በቀን 3 ጊዜ ተንበርክኮ የጸለየው፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ቀድሞ ያደርገው እንደነበረ ነው። ስለዚህ ጠዋት ስልክህን ከመንካትህ በፊት ይህን መዝሙር ድምፅህን አሰምተህ አንብብ፤ ከዚያም ልብህን ከነካው ቁጥር አንዱን ብቻ ይዘህ ወደ ሥራህ ሂድ። የሳትህበት ቀን ቢኖር የቀረውን ለማካካስ አትጨነቅ፤ በማግስቱ ካቆምህበት ቀጥል።