ጀርባ ሲጎብጥ የሚነዝረው መሣሪያ ለቢሮ ሠራተኛ ይጠቅማል?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ ላይ የምገኝ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ የምሠራው በላፕቶፕ ነው። ከማጅራቴ ተነሥቶ እስከ ትከሻዬ የሚወጥረኝ ሕመም ከሰዓት በኋላ ይብስብኛል። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጋቢ ደርቤ ስለምሠራ፣ ትከሻዬን ሰብስቤና አንገቴን ወደ ስክሪኑ አስግጌ መዋሌ የሚታወቀኝ ከወንበር ልነሣ ስል ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ስላለኝ፣ በላይኛው ጀርባ ላይ ተለጥፎ ሰው ሲጎብጥ የሚነዝረውን አፕራይት ጎ የተባለ መሣሪያ እንዲያመጣልኝ አስቤያለሁ። ባልደረባዬ ግን ትከሻን ወደ ኋላ የሚስበው የላስቲክ ማሰሪያ በርካሽ ስለሚገኝ እሱ ይበቃሃል ትላለች። የተጠቀማችሁበት ወይም ሙያው ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)

ሁለቱ በገበያ ላይ ጎን ለጎን ይቅረቡ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ማሰሪያው ትከሻዎን በጉልበት ይይዝልዎታል፤ እርስዎን ቀጥ አድርጎ የሚያቆየው የራስዎ ጡንቻ ሳይሆን ላስቲኩ ነው፣ ሲጠብቅም ብብት ሥር ይቆረቁራል። የሚለጠፈው መሣሪያ ግን ምንም አይደግፍም። በውስጡ ያለው አክስለሮሜትር የመሬትን ስበት አቅጣጫ መነሻ አድርጎ የጀርባዎን ዝንባሌ ይለካል፣ መጀመሪያ ካስመዘገቡት አቀማመጥ ርቀው ለጥቂት ጊዜ ሲቆዩም ይነዝራል። ስለዚህ ዋናው ነገር ያ የመጀመሪያው ልኬት ነው። ሰው ሁሉ መሣሪያውን ሲያስጀምር ደረቱን ነፍቶ እንደ ሰልፈኛ ይገተራል፤ እንዲያ ሆኖ የሚውል ሰው ስለሌለ መሣሪያው ሲነዝር ይውላል፣ ባለቤቱም ተማርሮ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። በዝግታ ተንፍሰው፣ ወንበሩን ተደግፈው፣ ሳይጨነቁ ሊቆዩበት በሚችሉት አቀማመጥ ያስመዝግቡት። ወንበር ሲቀይሩም ልኬቱን ያድሱ።

ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው ጀርባዎን እንጂ አንገትዎን አይደለም። ጀርባ ቀጥ ብሎ ጭንቅላት ወደፊት ሊሰግግ ይችላል፤ ላፕቶፕ የሚያመጣውም ይህንኑ ነው። የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኬኔት ሃንስራጅ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ቀጥ ሲል 5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው ጭንቅላት 15 ዲግሪ ሲያዘነብል በአንገት ላይ የሚያሳርፈው ጫና 12 ኪሎ ግራም፣ 60 ዲግሪ ሲያዘነብል ደግሞ 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በሞዴል የተሰላ እንጂ በሰው ላይ የተለካ ስላልሆነ ቁጥሩን እንደ ፍጹም አይያዙት፤ አቅጣጫውን ግን በደንብ ያሳያል። በእኔ እምነት ከመሣሪያው በፊት ከላፕቶፑ ተለይቶ የሚቀመጥ ኪቦርድ ይግዙና ላፕቶፑን ከፍ ያድርጉት። አንድ ደስጣ ወረቀት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ ሦስቱን ቢደራርቡ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ጋር ሊስተካከል ይችላል።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)

እኔ ተጠቅሜበታለሁ። በእኛ ቆላ ማጣበቂያው ከላብ ጋር አይስማማም፤ ቀትር ላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ ቀጥ ብዬ ተቀምጬም ይነዝርብኝ ነበር። እርስዎ ዘንድ ላብ ባያሰጋም ከጋቢ ወይም ከካፖርት በላይ እንዳይለጥፉት፤ ልብሱ በተጨማደደ ቁጥር የሚለካው የልብሱን መታጠፍ ይሆናል። ሌላው አስቸጋሪ ነገር ደግሞ ከታችኛው መሳቢያ ፋይል ለማውጣት ጎንበስ ማለትን ከመጉበጥ አለመለየቱ ነው። በስልክ መተግበሪያው ላይ ንዝረቱ የሚዘገይበትን ጊዜ ማርዘም ይቻላል፣ ያኔ ይሻላል። ያስተማረኝን ልንገርዎት፦ የምጎብጠው ቀኑን ሙሉ ሳይሆን ከወረቀት ላይ ቁጥር እያየሁ ወደ ኮምፒዩተር ስገለብጥ መሆኑን ነው። ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ቀጥ አድርጌ ማቆም ከጀመርኩ ወዲህ መሣሪያውን የማደርገው የወር መዝጊያ ሰሞን ብቻ ነው።

መልስ (ከደብረ ሲና)

ስማርት ሰዓት እንዳይገዙ አደራ፤ ለዚህ ጉዳይ ማለቴ ነው። አፕል ዎች በሰዓቱ 50ኛ ደቂቃ ላይ እስካሁን አልተነሡም ብሎ ያስታውሳል እንጂ እጅ ላይ ሆኖ ጀርባ መጉበጡን ሊያውቅ አይችልም። ለማስታወሱ የስልክ ማንቂያ በነጻ አለ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማሰሪያውን ትቼዋለሁ፤ ኪቦርዱንም እፈልጋለሁ። ብርዱንስ ምን ላድርገው?

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)

ብርድ ትከሻን ወደ ጆሮ ይስባል፣ ለሰዓታት የተኮማተረ ጡንቻ ደግሞ ሳይሠራ ይደክማል። ጠረጴዛዎን ነፋስ ከሚያስገባው በርና መስኮት ያርቁ፤ አንገትዎን በስስ ሻርፕ ሸፍነው ጋቢውን ከትከሻ ይልቅ በጭንዎ ላይ ያድርጉት። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ትከሻዎን ያንከባልሉ። መሣሪያው ከመጣልዎ በኋላም ቢሆን ሕመሙ ወደ ክንድ ወርዶ ጣት ካደነዘዘ፣ እጅዎ ዕቃ መያዝ ካቃተው ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎት፣ ንዝረቱን መከተሉን ይተዉና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።