ፓርት ታይም እየሠራሁ ነው፤ ፔል ግራንቴ ይቆረጥብኛል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ 19 ዓመቴ ነው፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ማታ ማታና ቅዳሜ ካፌ እሠራለሁ፤ በ2025 ጠቅላላ ወደ 9,000 ዶላር ይሆናል። የእናቴ ጓደኛ "ይሄን ያህል ከሠራሽ ፔል ግራንቱ (መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው የማይመለስ የትምህርት ዕርዳታ) ይቀራል፣ አባትሽም ታክሱ ላይ ክሌም ሊያደርግሽ (በሱ ሥር ያለሽ ልጅ ብሎ ሊያስገባሽ) አይችልም" ብላኝ እንቅልፍ አጣሁ። አባቴ ታክሲ ነው የሚነዳው፣ ሸክም ልሆንበት አልፈልግም። ሰዓት ልቀንስ ወይስ ልተወው?

መልስ 1፦
እህቴ፣ እንዳትተዪው! እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሰምቼ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሥራ አቁሜያለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ፋፍሳ (ለዕርዳታው የሚሞላው ቅጽ) ከተማሪው ገቢ ላይ የተወሰነውን ጭራሽ አይነካም። በወላጁ ሥር ላለ ተማሪ በ2025-26ቱ ቅጽ 11,510 ዶላር ነበር። ከዚያ ያለፈው ነው የሚጎዳው፣ ምክንያቱም ግማሹን ለትምህርቱ ይከፍላል ብለው ነው የሚያሰሉት፤ ታክስሽ ከተቀነሰ በኋላ በ2,000 ዶላር ካለፍሽ 1,000ው ኤስኤአይሽ (ከቅጹ የሚወጣልሽ ቁጥር፣ ከፍ ሲል ዕርዳታው የሚቀንሰው) ላይ ይደመራል። ያንቺ 9,000 እዚያም አይደርስ። ደግሞ የሚያዩት የሁለት ዓመት በፊቱን ገቢ ስለሆነ የ2025 ደሞዝሽ የሚታየው በ2027-28ቱ ቅጽ ነው። ካምፓስ ውስጥ ወርክ ስተዲ (በትምህርት ዕርዳታው በኩል የሚሰጥ የተማሪ ሥራ) ካገኘሽ አትለፊው፤ እሱን ከስሌቱ ያወጡታል።

መልስ 2፦
የታክሱን እኔ ልንገርሽ። አባትሽ ክሌም ያደርግሻል። ከ24 ዓመት በታች ሆነሽ ፉል ታይም እስከተማርሽና ከወጪሽ ከግማሽ በላይ ራስሽ እስካልሸፈንሽ ድረስ ደሞዝሽ አይከለክለውም። ዶርም ብትኖሪም እቤት እንዳለሽ ነው የሚቆጠረው። አንቺም ለብቻሽ ፋይል አድርጊ፣ ግን "ሌላ ሰው ዲፔንደንት አድርጎ ሊያስገባኝ ይችላል" የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ እንዳትረሺ። ወንድሜ ረስቶት የአባታችን የታክስ ፎርም ውድቅ ሆኖ ተመልሶ መጥቶ ስንት ጊዜ ተንከራተትን። የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ታክስ የማይነካው ገቢ) ላንቺ ዓይነቷ ደሞዝተኛ እስከ 15,750 ስለሆነ የፌዴራል ኢንካም ታክስ የለብሽም። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ 7.65 በመቶ ግን ሄደ ማለት ነው፣ አይመለስም።

መልስ 3፦
የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ደብልዩ ቱ (ቀጣሪ የሚሰጠው የዓመት ደሞዝና ታክስ ወረቀት) ለሚሰጥሽ ሥራ ነው። ልጄ በመኪናው ምግብ ሲያደርስ ከርሞ 1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ ሠራተኛ የሚሰጥ የገቢ ወረቀት) መጣለት። እዚያ ላይ የተጣራው 400 ዶላር ከሞላ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ይጠየቃል፣ ማንም ቀድሞ ስለማይቀንስለት። የቤንዚኑንና የማይሉን መዝገብ ባለመያዙ ብዙ ከፈለ። እንዲህ ያለ ሥራ ከያዝሽ ከመጀመሪያው ቀን ጻፊ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እፎይ አልኩ! አሁን የ2024 ደብልዩ ቱዬን ከመሳቢያ አወጣሁት። ሣጥን 2 (የተቀነሰብኝ የፌዴራል ኢንካም ታክስ) ላይ 412 ዶላር ይላል፤ ያኔ ትንሽ ነው የሠራሁት ብዬ ፋይል አላደረግኩም። አለቀ ማለት ነው?

መልስ 2፦
አላለቀም! ተመላሽ ለመጠየቅ ከፋይል ማድረጊያው የመጨረሻ ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አለሽ። የ2024ቱን ፎርም ሙይና ላኪ፣ 412ቱ ያንቺ ነው።