ለሆስፒታል የሶፍትዌርና የኔትወርክ ሥራ ድርጅት በምን ይመረጥ?

ካርድ ክፍል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ በኩል ላለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የጨረታ ሰነድ እያዘጋጀን ነው። ሥራው ካርድ ክፍልን፣ ተመላላሽን፣ ላብራቶሪን፣ ፋርማሲንና ገንዘብ መቀበያን በኮምፒውተር ማገናኘት ነው፤ አንድ ሰርቨር፣ 22 ኮምፒውተር፣ የአራት ሕንፃ ኔትወርክና የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌር ያካትታል። ግዢ ክፍል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ይውሰደው ይላል። ኮምፒውተር ሲሸጥ የኖረ ሁሉ ግን የሕክምና ሶፍትዌር ይችላል ብዬ አላምንም። ቴክኒካል መስፈርቱ ውስጥ ምን ይግባ? ሥራውን ማወቃቸውን በምን እናጣራ? መብራት እንደሚቆራረጥብንም አስቡልኝ።

የጤና መረጃ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

በመጀመሪያ ቴክኒካሉና ዋጋው በሁለት ፖስታ ይቅረብ። የማለፊያ ነጥቡን፣ ለምሳሌ ከ100 70፣ ሰነዱ ላይ ይጻፉት፤ ያላለፈው የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለት። ከዚያ በኋላ ካለፉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፍ ቢባል ጉዳት የለውም፣ ግዢ ክፍልም ደስ ይለዋል። ከነጥቡ ግማሽ ያህሉን ግን ለሙከራ ያውሉት። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ሁሉም ይዞ ይመጣል።

ለሙከራው ከስም ይጀምሩ። «ፀሐይ ኃይሉ ዓለሙ» ብለው አንድ ታካሚ ያስመዝግቡና «ጸሀይ ሀይሉ አለሙ» ብለው ያስፈልጉ። ለእኛ አንድ ሰው ናት። ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ፣ ዓ እና አ የየራሳቸው ኮድ ያላቸው ፊደላት ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ሲፈልግ እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው ተደርጎ ካልተሠራ አያገኛትም። ካርድ ክፍሉ «የለችም» ብሎ ሁለተኛ ካርድ ያወጣላታል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው በአንደኛው ካርድ ላይ ይቀርና መድኃኒቱ በሁለተኛው ይታዘዛል። ይህን ሙከራ ያላለፈ ሌላው ነጥቡ ምንም ያህል ቢሆን መውደቅ አለበት ባይ ነኝ። እዚያው ላይ የአባትና የአያት ስም የየራሳቸው ቦታ እንዳላቸው ይመልከቱ።

ቀጥሎ ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን ያስመዝግቡ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ መዋል አለበት። ስሌቱን በትክክል ያልሠራ ሶፍትዌር ወይ ቀኑን አልቀበልም ይላል ወይ በአንድ ቀን ያዛንፈዋል፤ የክትባት ቀጠሮም አብሮ ይዛነፋል። የልደት ቀናቸውን የማያውቁ እናት ሲመጡስ? «60 ዓመት ገደማ» ብሎ የሚቀበል ቦታ ከሌለ መዝጋቢው የመጣለትን ቀን ይሞላል፤ ዕድሜን መሠረት ያደረገው ሪፖርት ሁሉ ይበላሻል።

ሪፖርትም ያስወጡ። ወርሃዊው የጤና ሪፖርታችን ካለፈው ወር 21 እስከ ወሩ 20 መሆኑን የማያውቅ ድርጅት ከ1 እስከ 30 ቆጥሮ ያመጣል፤ ቁጥሩ ዲኤችአይኤስ2 (የጤና ሪፖርት የሚገባበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ከሚገባው ጋር ስለማይገጥም ባለሙያው ተመልሶ መዝገብ በእጁ ይቆጥራል። በመጨረሻ ሐኪሙ የላብራቶሪ ትእዛዝ እየጻፈ ሳለ የሰርቨሩን መብራት ያጥፉ። ሲመለስ ትእዛዙ ወይ ሙሉ ሆኖ ይገኝ ወይ ጭራሽ አይኑር፤ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ከቀረ አደገኛ ነው።

ከዚህ በፊት ሠራሁበት ወዳለው ተቋም ሲሄዱ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ሰላም ብለው ወደ ካርድ ክፍል ይለፉ። የወረቀት መዝገቡ ጎን ለጎን አሁንም እየተሞላ ከሆነ መልሱን እዚያው አገኙት።

ኔትወርክና ኤሌክትሪክ

ሶፍትዌሩ በደንብ ተብራርቷል። እኔ የመስመሩንና የመብራቱን ልጨምር።

ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የመዳብ ኬብል የሚያቀርብ ተጫራች ካለ ቴክኒካሉ ላይ ዝቅ ያለ ነጥብ ስጡት። በክረምት መብረቅ አቅራቢያ ሲወድቅ የሁለቱ ሕንፃዎች የመሬት ቮልቴጅ ይለያያል፤ ልዩነቱ በመዳቡ ተሻግሮ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ስዊች (የኔትወርክ መስመሮቹን የሚያገናኘውን መሣሪያ) ያቃጥላል። በሕንፃዎች መካከል ፋይበር (መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ገመድ) ይሁን፣ ያውም ብረት የሌለበት ዓይነት። በሕንፃ ውስጥ ካት 6 የተባለው የመዳብ ኬብል ይበቃል፤ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው ከ90 ሜትር አይበልጥ። «ኢንተርኔት ከፍቶ አሳየኝ» ርክክብ አይደለም፤ እያንዳንዱ መስመር በመሞከሪያ መሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ ታትሞ ይቅረብ።

መብራቱን በቁጥር ጠይቁ፤ «ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አለው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ሰርቨሩ፣ ስዊቹና ራውተሩ አንድ ላይ 300 ዋት ቢወስዱና ለ4 ሰዓት ቢፈለጉ 1,200 ዋት አወር ነው፤ የባትሪውን ኃይል ወደ መብራት ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር ከሚያባክነው ጋር ወደ 1,400 ይደርሳል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር አወር የአሲድ ባትሪ ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 ይሰጣል። ስለዚህ ሦስት፣ ሲስተሙ 24 ቮልት ከሆነ ጥንድ ስለሚፈልግ አራት ባትሪ ያስፈልጋል። ይህን ስሌት ሠርቶ ያላቀረበ ድርጅት ገምቶ ነው የመጣው። ከፍታውም አይረሳ፤ ብዙ ዩፒኤስና ጄኔሬተር ሙሉ አቅሙ የሚነገረው እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ የመንዝ ደጋ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ መሣሪያው በደንብ አይቀዘቅዝም፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ተጫራቹ በእናንተ ከፍታ የሚሰጠውን አቅም ከአምራቹ ሰነድ ያሳያችሁ።

ለሐኪሞቹ ክፍል ደግሞ ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ ብታደርጉት ባትሪው አብሮት አለ።

ውል አርቃቂ

ድርጅቱ ቢመረጥም ውሉ ደካማ ከሆነ ዋጋ የለውም። ክፍያውን ከሥራው ጋር እሰሩት፦ በባንክ ዋስትና ቅድሚያ 20 በመቶ፣ ኔትወርኩ ተለክቶ ሲረከብ 30፣ ሶፍትዌሩ በሁሉም ክፍል ሦስት ወር ከሠራ በኋላ 40፣ የቀረው 10 የአንድ ዓመት የዋስትና ጊዜ ሲያልቅ። ዕቃው እንደወረደ 80 በመቶ የሚጠይቅ ካለ ትርፉን ከዕቃው አግኝቶ ሥልጠናውን ሊተወው ይችላል።

መረጃው የሆስፒታሉ መሆኑ፣ ዳታቤዙ በማንኛውም ጊዜ ሙሉ ኮፒ ሊወሰድ እንደሚችልና ዋናው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ከሆስፒታሉ ዘንድ እንደሚቀመጥ ይጻፍ። የይለፍ ቃሉ በድርጅቱ እጅ ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት የጥገና ዋጋውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ስለሆነ የድርጅቱ ባለሙያዎች የምስጢር ግዴታ ይፈርሙ። ከርቀት ሲገቡም በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር)፣ እያንዳንዱ በራሱ ስም ይሁን፤ የሰርቨሩ የርቀት መግቢያ ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ከተተወ የቤዛ ቫይረስ (መረጃውን ቆልፎ ለመክፈት ገንዘብ የሚጠይቅ) በዚያ ይገባል።

ሌላው፣ ሰነዱ ላይ የሰፈሩት ባለሙያዎች ራሳቸው መምጣት አለባቸው። ሲቀየሩ በጽሑፍ ፈቃድ ይሁን።

ካርድ ክፍል (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁሉንም ሰነዱ ውስጥ አስገባዋለሁ። አንዱ ተጫራች «ሰርቨር መግዛት አያስፈልጋችሁም፣ ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት ትጠቀማላችሁ» ብሏል። ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ምን ትላላችሁ?

የጤና መረጃ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ቁጥር ፋርማሲው ትእዛዝ ማየት ያቆማል፤ ስለዚህ ዋናው ሰርቨር ግቢያችሁ ውስጥ ይሁን። የተጫራቹን ሐሳብ ለባክአፕ (ለመጠባበቂያ ኮፒ) ተጠቀሙበት፦ በየሌሊቱ የተመሰጠረ ኮፒ ወደ ውጭ ይላክ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ከሰርቨሩ በተለየ ሕንፃ በሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። የምስጢር ቁልፉ ከሰርቨሩ ውጭ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። ከርክክቡ በፊት ድርጅቱ ያን ኮፒ ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ይጫነው፤ አስቀድማችሁ የመረጣችኋቸውን አሥር ካርዶች ካርድ ክፍሉ ራሱ ከፍቶ ከዋናው ጋር ያመሳክር።