ስለ ጤናማ አመጋገብ አስተምረን ለስላሳ ጠጥተን ተበተንን፤ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የአመጋገብ ትምህርት ጀምረን ነበር፤ አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። ሦስት እሁድ ስለ ስኳር፣ ስለ ጨውና ስለ ዘይት ተነገረ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ አዳራሽ ስንገባ ያው ለስላሳ፣ ያው ኬክ። እኔ ራሴ በአንድ እጄ «ስኳር ይቀንሱ» የሚለውን ወረቀት፣ በሌላው ኬክ ይዤ ነበር። በአራተኛው እሁድ ግማሹ ሰው ቀረ። ምን ላድርግ?

ሰናፍጭ፦
እህቴ፣ ንግግሩን ትተሽ ጠረጴዛውን ለውጪ። እኛ ውሃውን በጆግ ከፊት፣ የተቆራረጠ ፍራፍሬ ቀጥሎ፣ ለስላሳውን ከኋላ አደረግን። ማንንም አልከለከልንም። ፍራፍሬው ሳይቆራረጥ የቀረበ ቀን እንዳለ ተመለሰ፤ የክቱን ለብሶ ብርቱካን የሚልጥ የለማ!

330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች ይላል። ይህን ከምትናገሪ ስኳሩን መዝነሽ በብርጭቆ ከጠርሙሱ አጠገብ አስቀምጪው። ልጆቹ ጣታቸውን ይነክሩበታል፤ እሱን ቻይው።

ጡረተኛ ነርስ፦
አደራ፣ ሚዛን በር ላይ እንዳታቆሙ። የሰው ኪሎ ጮክ ተብሎ እየተጠራ ሲጻፍ አይቻለሁ። አንዲት እናት ከዚያ በኋላ ለወር ያህል አልመጡም። ግፊትም ሆነ ክብደት የሚለካው በተዘጋ ክፍል ነው።

በአሜሪካ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያናት «ቦዲ ኤንድ ሶል» የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ፣ ምእመናኑ አትክልትና ፍራፍሬ አብዝተው መብላታቸው በጥናት ታይቷል። ትምህርት ብቻ አልነበረም። መጋቢዎቹ ገቡበት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማዕድ ተለወጠ፣ የሠለጠኑ ምእመናን እየደወሉ «እንዴት ሆነልህ?» ይሉ ነበር። እኔ ከሁሉም ስልኩን እወደዋለሁ።

ከማዕድ ቤት፦
እኔ አብሳይ ነኝ። አንድ ቀን ኮሚቴው ማንኪያ ይዞ ጨዌን ሊለካ መጣ። ስንት ዘመን ያበሰልኩትን! ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ። ኋላ ይቅርታ ጠይቀው፣ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እንደሚበቃ በደንብ አስረዱኝ። መጀመሪያ በአንዴ ቀነስኩት፤ የጨው ዕቃው ከእጅ እጅ ሲዞር ዋለ። ከዚያ በየሳምንቱ ቆንጠር እያደረግኩ ቀነስኩ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ጨመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ጠያቂዋ፦
እናቴ፣ አሳፈሩኝ። አብሳዮቻችንን አንድ ቀን እንኳ አላማከርኳቸውም። የፊታችን እሁድ መጀመሪያ እነሱ ጋ ነው የምገባው። ሲስተር፣ ሚዛኑ ተገዝቶ ነበር፤ መጋዘን ይገባል። ሰናፍጭ፣ ለመቶ ሰው ስንት ጆግ ይበቃል?

ሰናፍጭ፦
በስድስት ጀምረን አልበቃንም።