የዱሮ የጣሊያን ሶፋ በጨረታ ለሚገዙ፦ የትኛው ሶፋ፣ ከየትኛው ጨረታ ቤት?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የተሠሩ የጣሊያን ሶፋዎችን መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ጥቆማዬ፣ ከጨረታ ቤቱ ዝና ይልቅ ሶፋውን ገልብጦና ዚፑን ከፍቶ ለማየት የሚፈቅደውን እንዲመርጥ ነው።

በብዛት የሚፈለገው ማሪዮ ቤሊኒ እ.ኤ.አ. በ1970 የነደፈው ካማሌዮንዳ ነው። አምራቹ ያኔ ሲ ኤንድ ቢ ኢታሊያ ይባል ነበር፤ ቢ ኤንድ ቢ ኢታሊያ የሆነው በ1973 ነው። መቀመጫው፣ መደገፊያውና የክንድ ማሳረፊያው በገመድ፣ በመንጠቆና በቀለበት ስለሚያያዙ እንደ ፍላጎት ይፈታሉ፣ ይገጣጠማሉ፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ለዓመታት ሲፈታና ሲገጠም ከኖረ ሶፋ አንዱ መደገፊያ ወይም መንጠቆ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። እኔ ራሴ በፎቶ ብቻ አይቼ የገዛሁት ለአምስት መቀመጫ ሦስት መደገፊያ ይዞ መጥቷል። ይኸው ሞዴል በ2020 እንደገና መመረት ስለጀመረ የተሠራበትን ዘመን በጽሑፍ ማስረጋገጥ ይገባል።

ከሁሉ በላይ መመርመር ያለበት ስፖንጁ ነው። ፖሊዩሬቴን እንደ ዓይነቱ በብርሃንና በአየር ወይም በእርጥበት ምክንያት ከውስጥ እየተፈረካከሰ ስለሚሄድ፣ ውጪው ያማረ ሶፋ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በእጅ ተጭነውት ተመልሶ የማይነሳ ወይም ከዚፑ ሥር ብናኝ የሚረግፍ ከሆነ፣ ስፖንጁን የማስቀየሪያውን ወጪ ከሚያቀርቡት ዋጋ ላይ አስቀድመው ይቀንሱ።

ለጀማሪ ከካማሌዮንዳ ይልቅ የቪኮ ማጂስትሬቲን ማራሉንጋ እመርጣለሁ። ካሲና ከ1973 ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚያመርተው በመሆኑ ለጥገና ይቀላል። የራስ መደገፊያው ከፍና ዝቅ የሚለው በውስጡ ባለ የብስክሌት ሰንሰለት ስለሆነ እያንዳንዱን ደጋግሞ ማንሳትና ማውረድ በቂ ፍተሻ ነው። በአንጻሩ የአፍራና የቶቢያ ስካርፓ ሶሪያና (1969) ልባሱ ተሸብሽቦ በክሮም ብረት የተያዘ ስለሆነ መልሶ ማልበሱ የተካነ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ቆዳው እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ ቢተውት ይሻላል።

ወደ ጨረታ ቤቶቹ ስንመጣ፣ ሚላኖ ያለው ኢል ፖንቴና ጄኖቫ ያለው ካምቢ ለጣሊያን ዲዛይን ቅርብ ናቸው፤ ሚላኖ ወይም አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዕይታ ቀናት ሄደው መቀመጥና መዳሰስ ይችላሉ፣ ይህም ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል። የቺካጎው ራይት በዲዛይን የታወቀ ቢሆንም ለአውሮፓ ነዋሪ የመርከብና የጉምሩክ ወጪው ግዢውን ያከብደዋል። ካታዊኪን በመሰለ የኢንተርኔት ጨረታ ደግሞ ዕቃው የሚመጣው በቀጥታ ከሻጩ ስለሆነ፣ የሥረኛውን ክፍልና የአምራቹን መለያ ፎቶ ለማይልክ ሻጭ ዋጋ ባይሰጡ ይመረጣል። ለንደን ላይ ለሚገዙ፣ ከ1950 ወዲህ የተሠሩ ስፖንጅና ልባስ ያላቸው መቀመጫዎች በነጋዴ ሲሸጡ የ1988ቱን የእሳት ደኅንነት ደንብ ማሟላት እንዳለባቸው ማወቅ ይጠቅማል።

መዶሻው ያረፈበት ዋጋ የመጨረሻው ክፍያ አይደለም። ለምሳሌ ሶፋው በ4,000 ዩሮ ቢሸጥና ጨረታ ቤቱ ከገዢው የሚወስደው ኮሚሽን 25 በመቶ ቢሆን 5,000 ይደርሳል፤ በኮሚሽኑ ላይ 22 በመቶ ታክስ ሲታከል 5,220 ዩሮ ይሆናል። ማጓጓዣው ገና አልተነካም። አንድ የካማሌዮንዳ መቀመጫ በየጎኑ ወደ 90 ሴንቲሜትር ስለሚሆን፣ ዋጋ ከመስጠትዎ በፊት የቤትዎን በር፣ ደረጃና አሳንሰር ለክተው ይያዙ።