ለ60 ሊትር አኳሪየም የመረጥናቸው ዓሦች አብረው ይኖራሉ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከ9 ዓመቷ ልጄ ጋር የመጀመሪያ አኳሪየማችንን ልንጀምር ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ 60 ሊትር ይይዛል። ስፖንጅ ፊልተር፣ 50 ዋት የውሃ ማሞቂያና የኤልኢዲ መብራት አለን። ልጄ የፕላስቲክ ተክል አልፈልግም ብላ ቁርጥ አድርጋ ነግራኛለች። ስለዚህ እውነተኛ ተክል ነው የምንተክለው።

የዓሦቹንም ዝርዝር ጽፋ የሰጠችኝ እሷው ናት፦ 10 ኒዮን ቴትራ፣ 5 ጋፒ፣ 2 ኤንጅልፊሽ፣ 2 ጎልድፊሽ፣ 1 ቤታ፣ እንዲሁም መስታወቱን የሚያጸዳ 1 ፕሌኮ። ሐሳባችን ቅዳሜ ውሃ ሞልተን እሁድ ዓሦቹን ማስገባት ነው። ይስማማሉ? ተክሉስ ከየትኛው ይጀመር? ልጅቷ በጣም ጓጉታለች፤ አንድም ዓሣ እንዲሞትባት አልፈልግም።

መልስ 1

እህቴ፣ ሳትገዢ መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ዓሦች ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ያምራሉ። አንድ ላይ ግን አይሆኑም።

ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ሌሎቹ ግን ሞቃት ነው የሚፈልጉት። ደግሞ ትልቅ ይሆናል፤ ቆሻሻውም ብዙ ነው፤ ለስላሳ ተክልም ይበላል። 60 ሊትር ለአንዱም አይበቃውም። ፕሌኮ ሲሸጥ ጣት ያህላል፤ የተለመደው ዓይነት ግን ካደገ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። የአኳሪየምሽ ወርድ 30 ነው፤ መዞሪያ እንኳን አያገኝም። ኤንጅልፊሽ ቁመት ያለው ውሃ ይፈልጋል። ሲያድግ ደግሞ ኒዮኖቹን አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። ይህ ክፋት ሆኖ አይደለም፤ አፉ የሚችለውን ነገር ሁሉ ምግብ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። ወንድ ቤታ የጋፒን ረጅምና ባለቀለም ጭራ ሲያይ ሌላ ቤታ የመጣበት ይመስለዋል፤ ይነክሰዋል።

ስለዚህ የሚቀሩልሽ ኒዮንና ጋፒ ናቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የቤትሽ ውሃ ነው። ፒኤችን (የውሃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) እና የውሃውን ጥንካሬ ለኪና ንገሪን።

መልስ 2

የላይኛው መልስ ትክክል ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን «እሁድ ዓሦቹን» የሚለው ነው። እባክሽ ይህን አታድርጊ። ብዙ ጀማሪ ዓሦቹን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ያጣሁት እንዲህ ነው። ያኔ ምክንያቱን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞኒያ ይወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ የዓሣውን ስንጥብ (መተንፈሻውን) ያቃጥለዋል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከዚያ ሌላ ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት በመጠኑ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ተክሎቹም ይመገቡታል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልተባዙም። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ እያየሽው ሊመርዝ ይችላል።

ባክቴሪያዎቹ ስፖንጁና አሸዋው ላይ እስኪሰፍሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ይህን ጊዜ ያለ ዓሣ አሳልፊው። አሸዋውን አስገቢ፣ ተክሉን ትከይ፣ ፊልተሩንና ማሞቂያውን አስነሺ። ከዚያ ሽቶም ሳሙናም የሌለበት ንጹሕ አሞኒያ ጠብ እያደረግሽ በሊትር 2 ሚሊግራም አድርሺው። ጠርሙሱን ስትነቀንቂው አረፋው የማይጠፋ ከሆነ ሳሙና አለበት፤ ተዪው። ንጹሕ አሞኒያ ካላገኘሽ በየቀኑ ቆንጠር አድርገሽ የዓሣ ምግብ ጨምሪ፤ ሲበሰብስ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ልኩን መቆጣጠር ግን ይከብዳል።

በየ2 ቀኑ በውሃ መለኪያ ኪት ለኪ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወርዳል፣ ናይትራይት ይወጣል። ናይትራይቱ ቶሎ አልወርድ ሲል ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው። በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምረሽ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ውሃሽ ደርሷል ማለት ነው።

ልጅሽን ለካኝ አድርጊያት። የመለኪያውን ቱቦ ቀለም ከቀለም ካርዱ ጋር እያስተያየች ደብተር ላይ ትጻፍ። የኔ ልጆች ከዓሦቹ እኩል የወደዱት ያንን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ክሎሪን በባልዲ ሲያድር ይተናል፤ ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ግን አይተንም። ስለዚህ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ተጠቀሚ።

መልስ 3

አጭር ነገር ስለ ማስቀመጫው። 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ ነው። አሸዋው ወደ 15 ኪሎ ይሆናል፤ መስታወቱ ሲጨመር ከ80 ኪሎ አያንስም። ተራ የመጽሐፍ መደርደሪያ አይችለውም። ውሃ ከመሙላትሽ በፊት በውሃ ልክ አስተካክዪው። መስኮት አጠገብም አታድርጊው፤ ፀሐይ ካገኘው በአልጌ ይሸፈናል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓሦቹን ለጊዜው ትተናቸዋል። ልጄ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፤ የመለካቱ ሥራ የሷ ነው ስላት ግን ደስ አላት። ውሃችንን ለካን፤ ፒኤች 7.8፣ ጥንካሬው ደግሞ 14 ዲግሪ ነው። ይህ ምን ማለት ነው? ስለ ተክሉም እስካሁን የነገረን የለም።

መልስ 4

14 ዲግሪ ጠንካራ ውሃ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም በብዛት አለበት ማለት ነው። ለጋፒ ግሩም ነው። ኒዮን ግን የመጣው ለስላሳና አሲድነት ካለው ከአማዞን አካባቢ ውሃ ነው። እርባታ ውስጥ የተወለዱት ይችሉታል የሚሉ አሉ። እኔም ሞክሬ ኖረውልኛል። ቀለማቸው ግን እንደ ጓደኛዬ ኒዮኖች አልደመቀም፤ ጓደኛዬ ያላት ለስላሳ ውሃ ነው። ኒዮን አዲስ አኳሪየምንም አይወድም። እንደ እኔ ለአሁኑ ይቅር። ውሃን በኬሚካል ለማለስለስ መታገልም አያስፈልግም፤ ለጀማሪ ከሚዋዥቅ ፒኤች ይልቅ ከፍ ብሎ የማይነቃነቅ ፒኤች ይሻላል።

ጋፒውን ወንድ ወንዱን ብቻ ውሰጂ። ሴት ካለች በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ማስቀመጫ ታጫለሽ። 6 ወይም 7 ወንዶች በቂ ናቸው። ለታችኛው ክፍል ደግሞ 6 ብሮንዝ ኮሪዶራስ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች። ኮሪዶራስ ብቻውን ሲሆን ይደበቃል፤ በመንጋ ሲሆን ግን ቀኑን ሙሉ አሸዋውን እየፈተሸ ይውላል። አሸዋው ደቃቅና የማይዋጋ ይሁን፤ ሹል ጠጠር ጢሙን ያቆስለዋል። አንዳንዴ ተወርውሮ ላይ ድረስ ወጥቶ አየር ጎርሶ ይመለሳል፤ ተፈጥሮው ነው፣ እንዳትደነግጪ።

መልስ 5

ተክሉን ለኔ ተዉልኝ፤ የምወደው ጉዳይ ነው።

አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ውሰጂ። ሁለቱም ብርሃን ቢያንሳቸውም ያድጋሉ። አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው፤ ቅጠሉም ሥሩም የሚወጣው ከሱ ነው። ያንን ግንድ አሸዋ ውስጥ ከቀበርሽው ይበሰብሳል። እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ በክር እሰሪው፤ ሥሩ ቀስ በቀስ ይይዛል። በስተኋላ ቫሊስኔሪያ ትከይ፤ ጠንካራ ውሃ ይስማማዋል፣ እንደ ሣር እየተዘረጋ ጀርባውን ይሸፍነዋል። መሐል ላይ ክሪፕቶኮርን። እነዚህን ሁለቱን አሸዋ ውስጥ ትከያቸው፤ አሸዋው ራሱ ምግብ ስለሌለው ከሥራቸው አጠገብ የማዳበሪያ ክኒን ቅበሪ። አሸዋው ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሆርንዎርት ካገኘሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አንሳፍፊው። በፍጥነት ያድጋል፤ አሞኒያም ይመጥጣል፤ ከአልጌ ጋርም ይሻማል።

ክሪፕቶኮርን ከተተከለ በኋላ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሊቀልጥ ይችላል። አትንቀዪው! ብዙ ተክል መሸጫ የሚደርሰው ከውሃ በላይ አድጎ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ አሮጌውን ቅጠል ጥሎ ለውሃ የሚሆን አዲስ ያወጣል። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

መብራቱ በታይመር በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ይብራ። ተክሎቹ ማደግ ሲጀምሩ ወደ 8 ታደርሺዋለሽ።

ጠያቂዋ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ

ክሪፕቶኮርኑ እንዳላችሁት ቀለጠ፤ ቃላችሁን ይዤ አልነካሁትም። ዛሬ ከመሐሉ ትንሽዬ አዲስ ቅጠል አየን። ነገር ግን መስታወቱና ቅጠሉ ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ወጥቷል። አሞኒያ ዜሮ ደርሷል፤ ናይትራይት ግን ቀለሙ አሁንም ደማቅ ሐምራዊ ነው።

መልስ 2

ቡናማው ዳያተም ይባላል። አዲስ አኳሪየም ላይ የተለመደ ነው፤ በእጅ ይጠረጋል፤ ከሳምንታት በኋላም ራሱ ይቀንሳል። መድኃኒት አትጨምሪ። ናይትራይቱን ጠብቂው። ስፖንጁ ከተደፈነ ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው። በቧንቧ ውሃ ካጠብሽው የ3 ሳምንት ልፋትሽ ይሄዳል።

ጠያቂዋ፣ ከ6 ሳምንት በኋላ

ትናንት ማታ 2 ሚሊግራም ጨመርን። ዛሬ ማታ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 40። ልጄ ደብተሯን ይዛ እየዘለለች ነው። አሁንስ?

መልስ 2

አሁንማ ደርሷል! መጀመሪያ ግማሹን ውሃ ቀይሪ፤ ናይትሬቱ ይወርዳል። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ የጠፋለትና ሙቀቱ የተቀራረበ ይሁን። ነገ ጋፒዎቹን ብቻ አምጪ። ኮሪዶራሶቹን ከ2 ሳምንት በኋላ፣ ልኬቱ ዜሮ እንደሆነ ከቆየ።

ከነከረጢታቸው ለ20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፊያቸው። ከዚያ በየ5 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ የአኳሪየሙን ውሃ ከረጢቱ ውስጥ ጨምሪ። በመጨረሻ በመረብ አውጥተሽ አስገቢያቸው፤ የከረጢቱን ውሃ ግን ድፊው። መብራቱን በዚያ ቀን አታብሪ፤ ምግብም እስከ ማግስቱ ይቆይ። ከዚያ ወዲህ በቀን አንዴ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ። በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ቀይሩ። የመጀመሪያውን ወር ልጅሽ መለካቱን እንዳታቆም፤ ናይትራይት ብቅ ካለ በዚያው ቀን ውሃ ቀይሩ።